«ቺፕ ዎር» እና ሊሰረቅ ያልቻለው ነገር

ክሪስ ሚለር «ቺፕ ዎር»ን ያሳተመው በኦክቶበር 2022 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በወጣ በዚያው ሳምንት የአሜሪካ መንግሥት የላቁ ቺፖችና የቺፕ መሥሪያ ማሽኖች ወደ ቻይና እንዳይሸጡ የሚያግድ ሰፊ ደንብ አወጣ። ለደራሲ እንዲህ ያለ ዕድል በዕድሜው አንዴ ቢገጥመው ነው። ዓመቱ ሳያልቅ የፋይናንሺያል ታይምስን የዓመቱ ምርጥ የቢዝነስ መጽሐፍ ሽልማት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቺፕ የሚያወራ ሰው ሁሉ፣ ሚኒስትሩም ዩቲዩበሩም፣ መጽሐፉን አነበበውም አላነበበውም የሚናገረው በሚለር ቃላት ነው። በተለይ በአንዷ ቃል፦ ማነቆ።

ሐሳቡ ይህ ነው። እጅግ የላቁት ቺፖች በጣት በሚቆጠሩ ኩባንያዎች በኩል ነው የሚያልፉት። ማተሚያ ማሽኑን የሚሠራው አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ብቻ ነው፣ ኤኤስኤምኤል። ቺፑን በብዛት የሚያመርተው አንድ የታይዋን ኩባንያ ነው፣ ቲኤስኤምሲ። ቺፕ የሚነደፍበትን ሶፍትዌር ገበያ ደግሞ በአብዛኛው ሦስት ኩባንያዎች ተከፋፍለውታል። ከእነዚህ አንዱን የያዘ የሌላውን ጉሮሮ ይዟል፤ ሲፈልግ ይለቀዋል፣ ሲፈልግ ያንቀዋል። ነዳጅ እንኳ ይህን ያህል በጥቂቶች እጅ አልተያዘም።

መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ባነበውም የሚሰለቸኝ አይመስለኝም። ግን በውስጡ ሁለት ሐሳቦች አሉ፣ ሁለቱን አብሮ ማመን ደግሞ ከባድ ነው። አንደኛው ማነቆ ነው። ሌላኛው ስለ ሶቪየት ኅብረት በጻፋቸው ምዕራፎች ውስጥ ያለው ነው። በእኔ ግምት የመጽሐፉ ምርጥ ሐሳብ ይሄኛው ነው። ሚለር ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ የረሳው ይመስላል።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ይህ ሰው ማሽን መተረክ ይችላል። የኤኤስኤምኤልን ማሽን ሲገልጽ ኮድ የሚጽፍ ሰው በሥራው ያፍራል። ቲን የተባለው ብረት ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ የእያንዳንዷ ጠብታ ስፋት 0.03 ሚሊሜትር ነው። በሴኮንድ 50,000 ጠብታ ይወርዳል። ሌዘር እያንዳንዷን ጠብታ እየወረደች እያለ ሁለቴ ይመታታል፤ አንዴ ለማደላደል፣ አንዴ ለማትነን። ጠብታዋ ከፀሐይ ገጽ ብዙ እጥፍ የምትሞቅ ፕላዝማ ትሆንና 13.5 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ትተፋለች። ይህን ብርሃን አየር ይውጠዋል፣ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ቫክዩም ውስጥ ነው። ሌንስም ይውጠዋል፣ ስለዚህ የሚመራው በመስታወት ነው። መስታወቱን የጀርመኑ ዛይስ፣ ሌዘሩን የጀርመኑ ትሩምፍ፣ የብርሃን ምንጩን ሳንዲያጎ ያለው ሳይመር ይሠራሉ። የሌዘሩ ክፍሎች ብቻ 457,329 ናቸው። ሚለር ይህን ቁጥር «ግማሽ ሚሊዮን ገደማ» ብሎ ሳያጠጋጋ እንዳለ መተዉን ወድጄለታለሁ። የአንዱ ማሽን ዋጋ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ከሐሳብ ተነስቶ ፋብሪካ ውስጥ ቺፕ እስኪያወጣ ደግሞ ሦስት አስርት ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

አሁን ወደ ሶቪየቶቹ እንምጣ። ሚለር ስለ ቺፕ ከመጻፉ በፊት የሶቪየትና የሩሲያ ኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚ ነበር፣ ያስታውቅበታልም፤ በእነዚህ ምዕራፎች ውስጥ እንደ አገሬው ሰው ነው የሚራመደው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት አሜሪካ የሄደ አንድ ሶቪየታዊ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ቺፕ ይዞ አገሩ ገባ። የኤሌክትሮኒክስ ዘርፉን ይመራ የነበረው አሌክሳንደር ሾኪን ለመሐንዲሶቹ አሳያቸውና ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ በሦስት ወር ውስጥ እንዲገለብጡት አዘዘ። ልብ በሉ፣ ይህቺ አገር ያኔ ሰው ጠፈር ልካ መልሳለች። የፊዚክስ ሊቅ አልቸገራትም። ሞስኮ አጠገብ ዜሌኖግራድ የምትባል፣ ለማይክሮኤሌክትሮኒክስ ብቻ የታሰበች አዲስ ከተማ እየሠራች ነበር፤ የከተማዋን ሐሳብ ለክሩሽቼቭ ካቀረቡት መካከል ጆኤል ባርና አልፍሬድ ሳራንት የተባሉ፣ ከአሜሪካ የኮበለሉ ሁለት ሰላዮች ይገኙበታል። (ይህ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል።) ኬጂቢም የምዕራቡን ቴክኖሎጂ የሚሰርቅ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። ከዚያ ክፍል ቭላዲሚር ቬትሮቭ የተባለ መኮንን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰነዶቹን ለፈረንሳይ ስለላ ሲያስረክብ፣ የስርቆቱ ስፋት ምዕራባውያኑን አስደነገጣቸው።

ቺፑ አላቸው፣ ሥዕሉ አላቸው፣ አንዳንዴ ማሽኑም አላቸው። ግን ሁሌም ዓመታት ወደ ኋላ ናቸው። ለምን?

የሚለር መልስ ትክክል ነው፦ ቺፕ ሥዕል አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ያለው ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ሙቀት፣ የራሱ ጊዜ፣ የራሱ የኬሚካል ንጽሕና አለው። ይህን የሚያውቀው ቺፑ ሳይሆን ሲያበላሽ ሲያስተካክል የኖረው ሠራተኛ ነው። እኛ «እጇ ይጣፍጣል» እንል የለ? ሴትዮዋን ስትሠራ ቆመህ ብታያት፣ በርበሬውንና ቂቤውን እኩል ብትመዝን፣ ወጡ የእሷ አይሆንልህም። ሶቪየቶቹ የሰረቁት ወጡን ነው፤ እጁ ቴክሳስ ቀረ። በዚያ ላይ ገልብጠው ሲጨርሱ ባለቤቶቹ ሁለት ትውልድ አልፈዋቸዋል። ገዢያቸውም በዋናነት ጦሩ ነበር። በሌላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ካልኩሌተርና ሬዲዮ ገዢዎች ፋብሪካውን ሲያለማምዱት፣ የእነሱ ፋብሪካ የሚለማመድበት ያን ያህል ሕዝብ አልነበረውም።

ይህ ሐሳብ እኔን የነካኝ በግል ምክንያት ነው። የምህንድስና ዲግሪዬን ስሠራ ስለ ቺፕ አሠራር አንድ ኮርስ ወስደናል። መምህሩ ጎበዝ ነበር፣ ስላይዱም ጥሩ ነበር፣ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። በአምስት ዓመት ውስጥ ግን አንድም የሲሊከን ዝርግ በዓይኔ አላየሁም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አንዷን ኦሲሎስኮፕ ለማግኘት ከቡድን ቡድን ወረፋ እንይዝ ነበር። ስለዚህ ዜሌኖግራድን ሳነብ ሩቅ አገር አልመሰለኝም። ሥዕሉን ጠንቅቆ አውቆ እጁ ባዶ መሆን ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እውቀቱ እጅ ውስጥ ካለ፣ ሥራ ላይ የሚበቅል ነገር ከሆነ፣ መስረቅ እንደማይሠራ ሁሉ መከልከልስ እስከ ምን ድረስ ይሠራል? ማነቆ የሚባለው ሐሳብ እውቀትን እንደ ዕቃ ነው የሚያየው፦ እኔ ጋ አለ፣ አንተ ጋ የለም፣ በሩን ዘጋሁት። የሶቪየቶቹ ምዕራፎች ግን ዕቃ አይደለም እያሉ ነው። ሚለር የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ሲጽፍ ቻይናን በሶቪየት ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ራሱ የዘረዘራቸውን ልዩነቶች ግን አልመዘናቸውም። ሶቪየት ኅብረት ያጣችው ገበያ ቻይና ተርፏታል። የዓለም ስልክ የሚገጣጠምበት አገር እጅ የሚለማመድበት ሥራ አላነሰውም።

ደንቡ አልሠራም እያልኩ አይደለም። ሠርቷል። የቻይናው ኤስኤምአይሲ የኤኤስኤምኤልን የመጨረሻ ማሽን ማግኘት አልቻለም፤ በ2023 የአፕል አዲሱ ስልክ ባለ 3 ናኖሜትር የታይዋን ቺፕ ይዞ ሲወጣ የቻይናዎቹ ምርጥ ሥራ 7 ናኖሜትር ላይ ነበር። ግን በዚያው ዓመት ኦገስት ሁዋዌ «ሜት 60 ፕሮ»ን ሲያወጣ፣ ያ 7 ናኖሜትር ቺፕ ራሱ በአሮጌው ማሽን አንዱን ቦታ ደጋግሞ በማተም የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ውድና አድካሚ መንገድ ነው፤ የሚበላሸውም ብዙ ነው። ሆኖም ልምምድ ነው። ከደንቡ በፊት አንድ የቻይና ፋብሪካ ከውጭ ከሚመጣው የባሰ የአገር ውስጥ ማሽን የሚገዛበት ምንም ምክንያት አልነበረውም። ዋሽንግተን ያንን ምክንያት በነጻ ሰጠችው።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ከእኔ ሙያ የመጣው ነው። በጃንዋሪ 2025 የዲፕሲክ ሞዴል ሲወጣ የኤንቪዲያ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን 600 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቀነሰ፣ ዜናውም ስለዚያ ሆነ። ወጪውን በተመለከተ የተወራው ሁሉ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ቴክኒካዊ ሪፖርቱን ከፍቶ ላነበበ ግን ሌላ ታሪክ አለ። የተጠቀሙት ኤች800 የተባለ ቺፕ ነው፣ 2,048 ያህል። ይህ ቺፕ የ2022ቱን ደንብ ላለመጣስ ሲባል ለቻይና ገበያ ሆን ተብሎ የተዳከመ ነው። የተዳከመው ደግሞ ቺፕ ከቺፕ ጋር የሚነጋገርበት መስመር ነው። መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ ካሉት 132 የስሌት ክፍሎች 20ዎቹን ከስሌት አወጧቸውና መልእክት ማቀባበል ብቻ እንዲሠሩ መደቧቸው። ይህን ለማድረግ እንደ እኔ ያለው ፕሮግራመር ዕድሜውን ሙሉ ወደማይረግጠው፣ ከማሽኑ ቋንቋ አጠገብ ወዳለው ደረጃ ወርደው ኮድ ጻፉ። አስፋልቱ ሲዘጋበት በኮብልስቶኑ ውስጥ ውስጡን የሚያቋርጥ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ሹፌር ይህ ነገር ወዲያው ይገባዋል። መንገዱን የዘጋው አካል ግን ማንም ሰው የማያውቀውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያውቅ ሹፌር ፈጠረ።

ሶፍትዌር በሚለር መጽሐፍ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለ ብርሃን፣ ስለ ቲን፣ ስለ ፋብሪካ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ጸሐፊ ቺፑ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ማን ምን እንዳደረገበት አይጠይቅም። ይህ ክፍተት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ስለ ጦርነት የጻፈውን ነው።

የመጽሐፉ ስም «ጦርነት» የሚል ቃል ስላለበት ሚለር ቺፕን ከቦምብ ጋር ማገናኘት ነበረበት፣ አገናኝቷልም። ለዚህ የመረጠው ታሪክ በሰሜን ቬትናም የነበረው የታን ሆዋ ድልድይ ነው። አሜሪካኖቹ ከ1965 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠር ቦምብ ጥለውበት አልወድቅ ብሎ ነበር። በ1972 የሌዘር መቀበያና ትንንሽ ክንፍ የተገጠመላቸው ቦምቦች መጡ፤ ድልድዩ ተመታ። ከዚያ መስመሩ ወደ 1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ይሄዳል፦ የተሻለ ቺፕ ያለው ያሸንፋል።

ግን ሚለር ራሱ የጻፈውን ዝርዝር ተመልከቱ። ያንን ቦምብ የሠራው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትሱ ዌልደን ወርድ ምርጡን ቺፕ አልፈለገም። የፈለገው ቀላል፣ ማንም የሚገጥመውና ዋጋው ከአንድ ርካሽ የቤት መኪና የማይበልጥ ነገር ነው። ይህ እኮ የላቀ ቺፕ ድል አይደለም፤ የርካሽ ቺፕ ድል ነው! ዩክሬን ላይ የሆነው ይህንኑ በእጥፍ ያሳያል። የጥቂት መቶ ዶላር ድሮኖች ናቸው ታንክ የሚያቃጥሉት። ከእነዚህ የብዙዎቹ አእምሮ ኤስቲኤም32 የሚባል ቤተሰብ ቺፕ ነው። የቤተሰቡ በስፋት የተለመዱ አባላት የሚሠሩት በ90 ናኖሜትር ነው፤ ይህ የ2000ዎቹ አጋማሽ ቴክኖሎጂ ነው። ቺፑን በርካታ የምህንድስና ተማሪ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ገዝቶታል። እኔም መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት አሉኝ። በላዩ የሚሮጠው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ቤታፍላይት ወይም አርዱፓይለት ነው፤ ሁለቱም ለመዝናናት ድሮን የሚያበርሩ ሰዎች የጻፏቸው፣ ማንም ሊያወርዳቸው የሚችል ክፍት ኮዶች ናቸው። በጁን 2025 ዩክሬን በጭነት መኪና ደብቃ ሩሲያ ውስጥ አስገብታ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ባጠቃችባቸው ድሮኖች ላይ የአርዱፓይለት ስም ሲነሳ፣ ፕሮጀክቱን ከዓመታት በፊት የጀመሩት ሰዎች ሳይቀሩ ተገረሙ።

በሌላኛውም ወገን ያው ነው። በኦገስት 2022 የለንደኑ የጥናት ተቋም ሩሲ ከጦር ሜዳ የተለቀሙ 27 የሩሲያ የጦር መሣሪያዎችን አስመርምሮ ቢያንስ 450 ዓይነት የውጭ አገር ስሪት ክፍሎች አገኘ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች። እነዚህ ቺፖች በሳጥን ተሞልተው ከሱቅ የሚሸጡ ናቸው። ለእነዚህ ማነቆ የለም። ማንም ሊያንቃቸው አይችልም፤ ምክንያቱም ማጠቢያ ማሽንም ውስጥ አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ስለ አጻጻፉ። ሚለር «ትክክለኛ» ስለሆነ ቦምብ ሲጽፍ ድምፁ ውስጥ አድናቆት አለ፤ የመሐንዲስ አድናቆት፣ የሚገባኝ ዓይነት። ትክክለኛነት ግን ቦምቡ የተባለበት ቦታ መድረሱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ቦታውን ማን እንደመረጠውና ማን እዚያ እንዳለ አይናገርም። እኛ ድሮን ምን እንደሆነ ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም። በጃንዋሪ 2022፣ በገና ሰሞን፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት የነበረውን የተፈናቃዮች መጠለያ የመታው የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰው ገድሏል። ተፈናቃዮቹ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር የተጠለሉት። ከ50 በላይ ምዕራፍ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ከቦምቡ ሥር ካለው ሰው ወገን ቆሞ የሚጀምር ምዕራፍ ብርቅ ነው። ብዙው የሚጀምረው ከአንድ ሥራ አስኪያጅ ወይም ጄኔራል ክፍል ነው፤ አንዳንዴ ይደጋገምና ልክ ያው ተዋናይ ያለበት ተከታታይ ድራማ ይመስላል።

ስለ ሠራተኞቹ ግን ፍትሐዊ ልሁን፤ ጨርሶ አልረሳቸውም። ፌርቻይልድ በ1963 ሆንግ ኮንግ ላይ መገጣጠሚያ ሲከፍት በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈላቸው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ሽቦ ስላያያዙት ወጣት ሴቶች ምዕራፍ አለው። ሐዋሳን ያየ ሰው ምዕራፉን እንደ ታሪክ አያነበውም። እዚያም ወጣት ሴቶች ናቸው፣ እዚያም ርካሽ እጅ ነው የተፈለገው፣ በ2022 ጃንዋሪ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ደግሞ ውሳኔው የት እንደሚወሰን ታየ። ልዩነቱ ሆንግ ኮንግና ጎረቤቶቿ ከዚያ ወንበር ተነስተው ወደሚቀጥለው ወንበር መሄዳቸው ነው። እንዴት እንደተነሱ ነው እኔ ማወቅ የምፈልገው፣ እና እዚህ ላይ ሚለር ይቸኩላል።

የቲኤስኤምሲ ታሪክ በእሱ መጽሐፍ የሞሪስ ቻንግ ታሪክ ነው። ቻንግ ቻይና ተወልዶ፣ ኤምአይቲ ተምሮ፣ ቴክሳስ ውስጥ 25 ዓመት ሠርቶ፣ የሚገባኝ ወንበር አልተሰጠኝም ብሎ የወጣ ሰው ነው። የታይዋን መንግሥት ጠራው፣ ገንዘቡን ግማሽ ያህል ሰጠው፣ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ 27.5 በመቶ ገዛ፣ በ1987 ተጀመረ። ጥሩ ታሪክ ነው። ግን ቻንግ ሲመጣ ባዶ ሜዳ አልጠበቀውም። ከዚያ ከአስር ዓመት በፊት፣ በ1976፣ የታይዋን የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋም ወጣት መሐንዲሶችን ወደ አሜሪካው አርሲኤ ልኮ ነበር። ያውም የአርሲኤን አሮጌ ቴክኖሎጂ ለመማር። ሲመለሱ ትንሽ የሙከራ ፋብሪካ ሠሩ፣ ለሰዓት የሚሆን ቺፕ አመረቱ። ይኸው ነው። አሮጌ ቴክኖሎጂ፣ ትንሽ ፋብሪካ፣ የእጅ ሰዓት። ቻንግን ያየ ያንን አያይም። የእኔ ትውልድ ከዚህ መጽሐፍ የሚወስደው ግን ቻንግን ነው፦ «አንድ ጀግና፣ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ቢኖረን»። በጓደኞቼ መካከል ይህንን ሐሳብ በየወሩ እሰማዋለሁ። ፋብሪካ የሌለው አገር ባሪያ ነው፣ ፋብሪካ ደግሞ 20 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ስለዚህ በቃ አርፈን እንቀመጥ። ማነቆ የሚለው ቃል ሲመነዘር የሚሰጠው ይህንን ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመናዊ ቺፕ የለም እንዳትሉ ብቻ። ቻይና በ2021 የቢትኮይን ማይኒንግን ስትከለክል ከኩባንያዎቹ አንዳንዶቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ወደ እኛ መጡ፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ጋር ውል ገቡ። ኮንቴይነር ውስጥ ተደርድረው ቀን ከሌት የሚጮኹት ማሽኖች አንድ ስሌት ብቻ በሚሠሩ ቺፖች የተሞሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከዚያው ከታይዋኑ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። አዲስ አበባ ካሉት ሰርቨሮች ሁሉ የላቁ ሳይሆኑ አይቀሩም። መብራቱ የእኛ ነው፣ እጁ ግን የሌላ። ቺፑ አጠገብህ መኖሩ ምንም እንደማያስተምርህ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ሚለር እንኳ አላገኘም።

በመጽሐፉ ውስጥ ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ምዕራፍ አለ፣ አጭርና ብዙ ሰው የሚዘለው። ስለ ሊን ኮንዌይና ካርቨር ሚድ ነው። በ1970ዎቹ ቺፕ መንደፍ በትልልቅ ኩባንያዎች ግድግዳ ውስጥ የተዘጋ ጥበብ ነበር። ኮንዌይና ሚድ የንድፉን ሕግ ከፋብሪካው ለይተው፣ ማንም ተማሪ ሊማረው በሚችል መልክ ጻፉት። ኮንዌይ በ1978 ኤምአይቲ ሄዳ አስተማረችው፤ ተማሪዎቹ የነደፉት ወደ ካሊፎርኒያ ተላከና ቺፕ ሆኖ ተመለሰላቸው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ማንንም አላነቀም። በተማሪዎቹ እጅ የገባው ቺፑ ሳይሆን መሥራቱ ነበር።

የዚያ ምዕራፍ ልጆች ዛሬም አሉ፣ ሚለር ግን አይከተላቸውም። በ2020 ጉግልና ስካይዋተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የአንድ ባለ 130 ናኖሜትር መስመር የንድፍ ሕግ ለሁሉም ከፈቱ። በበርክሊ በ2010 የተጀመረውን ሪስክ-ፋይቭን የሚያስተዳድረው ድርጅት ደግሞ በ2020 መቀመጫውን ከአሜሪካ ወደ ስዊዘርላንድ አዛወረ፤ የማነቆ ፖለቲካ እንዳይደርስበት። ታይኒ ቴፕአውት በሚባል ፕሮጀክት በኩል ሰዎች ንድፋቸውን ከሌሎች በመቶዎች ጋር በአንድ ዝርግ ላይ ተካፍለው ያሳትማሉ፤ ዋጋው ደህና ስልክ ከሚገዛበት አይበልጥም። የራሴን ንድፍ ሶፍትዌሩ ላይ እየሞከርኩ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ገበታን በስክሪን ላይ የምታወጣ በጣም ትንሽ ወረዳ ነች። እስካሁን የጊዜ ፍተሻውን አላለፈችም።

መጽሐፉን ለመጀመር ላሰበ፦ ከመግቢያው በኋላ የሶቪየቶቹን ምዕራፎች አስቀድሙ፣ ከዚያ የኮንዌይን፣ ከዚያ የኤኤስኤምኤልን ማሽን። የኢንቴል አለቆች እርስ በርስ የሚናቆሩባቸውን ማለፍ ይቻላል። የመጨረሻውን ክፍል ስታነቡ ግን የሾኪንን ሦስት ወር አትርሱ።